ከቪዲዮ ዴክ እስከ ሪሲቨር፦ የቀረጻ ታሪክ በደብረ ማርቆስ ቤቶች

ለጥገና ወደ ሱቄ ከሚመጡት ሪሲቨሮች አብዛኞቹ ከፊታቸው ወይም ከኋላቸው አንድ የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው። ባለቤቱን «ይቺ ምን ትሠራለች?» ብዬ ስጠይቅ «ፍላሽ እየሰካን ዘፈን እናይባታለን» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ታሳያለች። ግን ያችው ቀዳዳ የሚተላለፈውን ዜና፣ ድራማ፣ የሩጫ ውድድር፣ የጥምቀት በዓል እየቀረጸች ፍላሹ ላይ ታስቀምጣለች። ሪሞቱ ላይ ቀይ ነጥብ ያለባት ቁልፍ አለች። በብዙ ቤት የድምፅ መጨመሪያዋ ቁልፍ ቀለሟ ተፍቆ ሳይታይ ቀይዋ አዲስ እንደሆነች ትኖራለች።

አርባ ዓመት ሊሞላው በተቃረበው የጥገና ሥራዬ ከሬዲዮና ከቴፕ ሪከርደር ጀምሬ ዴክ፣ ቪሲዲ፣ ዲሽ፣ ሪሲቨር ሁሉንም ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ቀይዋ ቁልፍ ለምን እንደተረሳች ብዙ አስቤበታለሁ። ከሰው ስንፍና የመጣ አይደለም። ቴሌቪዥን መቅረጫ ወደ ከተማችን የገባው የሌላ ሰው ሥራ ለማጫወት ነው፤ ከቴሌቪዥን ላይ ለማስቀረት ተብሎ የገዛው ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት በደብረ ማርቆስ ቤቶች የሠርግ ካሴት ሞልቶ፣ በቴሌቪዥን ታይቶ ካለፈው ነገር የተቀመጠ እምብዛም አይገኝም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ጣቢያውን በማቋቋም የረዳው ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። ስርጭቱ ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ ብቻ፣ ያውም ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት ነበር። ጎጃም ግን ገና የሬዲዮ አገር ነበር፤ ለብዙ ዓመትም እንዲያው ቆየ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ እዚህ እንዴት ባለ ፍቅር ይደመጥ እንደነበር ለወጣት ማስረዳት ይቸግራል። ደራሲው የእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ልጅ ናቸው፤ ታሪኩም የጎጃም ነው። ቴፕ ሪከርደር ያለው ሰው ትረካውን በካሴት ይቀዳው ነበር። ሬዲዮና ቴፕ በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለሚመጡ ሁለት ቁልፍ አብሮ መጫን ይበቃል። ካሴቱም ርካሽ ነው፤ የዘፈን ካሴት ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዶች በወረቀት ደፍኖ በላዩ መቅዳትም ይቻላል። ስለዚህ የማስቀረት ፍላጎት በሰዉ ዘንድ እንደነበረ እመሰክራለሁ። የቴሌቪዥኑ ጊዜ ሲመጣ ምን እንቅፋት ሆነ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ቴሌቪዥን ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች የተስፋፋው በደርግ ዘመን ነው። ምስሉ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በማይክሮዌቭ ቅብብሎሽ፣ ከተራራ ተራራ እየዘለለ መምጣት ነበረበት። በእኛና በአዲስ አበባ መካከል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብርና ኢሠፓ ሲመሠረት ስርጭቱ ባለቀለም ሆነ። እኛ ዘንድ ግን ባለቀለም ቴሌቪዥን የነበረው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። አንቴናው ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ታስሮ ከጣሪያ በላይ ይቆማል። ከጮቄ በኩል የሚወርደው ነፋስ ባዞረው ቁጥር አንድ ልጅ ውጭ አጣናውን ይዞ፣ አንዱ መስኮት ላይ፣ አባት ቴሌቪዥኑ ፊት ሆነው «ትንሽ ወደ መናኸሪያው… መጣ! ተው፣ ሄደ! መልሰው እንጅ!» የሚባባሉበት ምሽት በየሰፈሩ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በርጩማውን ይዞ ለአባባ ተስፋዬና ለኅብረ ትርኢት ይመጣል። ጣቢያው አንድ ነው። ምርጫ ስለሌለ ሁሉም ያችኑ ሰዓት፣ ያንኑ ነገር አብሮ ያያል።

በዚያው ጊዜ በውጭ ዓለም ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። ሶኒ ቤታማክስን በ1975 እ.ኤ.አ.፣ ጄቪሲ ቪኤችኤስን በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረቡ። እነዚህ መሣሪያዎች አሜሪካ ውስጥ የተሸጡት «ሥራ ላይ ሆነህ ያመለጠህን ማታ እይ» ተብሎ ነው። የፊልም ኩባንያዎች ይህን ስርቆት ነው ብለው ሶኒን ከሰሱት፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1984 እ.ኤ.አ. በ5 ለ4 ድምፅ ሶኒ ረታ። ሰው በቤቱ ሆኖ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ለኋላ ለማየት ቢቀርጽ ጥፋት የለበትም ተባለ። እኛም አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410፣ ግለሰብ ለራሱ ብቻ ለሚጠቀምበት አንድ ቅጅ ቢያደርግ አይከለክልም። ይህን የምጠቅሰው አንዳንድ ደንበኞቼ ቀረጻ ወንጀል ይመስላቸውና በሹክሹክታ ስለሚጠይቁኝ ነው።

ዴክ ወደ ደብረ ማርቆስ የገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው በር ቪዲዮ ቤት ነው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ፣ የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። የሕንድና የካራቴ ፊልም ይታያል፤ ኋላ ደግሞ በቪኤችኤስ የወጡ የአማርኛ ፊልሞች መጡ። የዚያ ቤት ዴክ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚሠራ ምስል የሚያነበው ራሱ፣ እኛ «ሄድ» የምንለው፣ ቶሎ ቶሎ ይቆሽሽ ነበር። የዋልኩበት ሙያ እሱን ማጽዳት ነው ማለት እችላለሁ። ክዳኑን ፈትተህ የሚሽከረከረውን ከበሮ በአውራ ጣትህ ጫፍ ቀስ አድርገህ ትይዘዋለህ፤ አልኮል የነካ ንጹሕ ወረቀት ታስጠጋና ወረቀቱን ሳታንቀሳቅስ ከበሮውን ብቻ ታዞራለህ። ወደ ላይና ወደ ታች ካሸኸው ሄዱ ይሰበራል። ያ ከበሮ ሲሠራ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ ጸጉር የማታክል ቁራጭ ምስሉን እንዳለ ታጠፋዋለች።

ሁለተኛው በር ከውጭ የመጣ ሻንጣ ነው። ከሳዑዲ የተመለሰች እህት፣ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ አጎት ዴክ ይዞ ይመጣል። ከሳዑዲ የመጣው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የአሜሪካው ግን መከራ ነበር። በ110 ቮልት የሚሠራውን ዕቃ በደስታ 220 ላይ ይሰኩትና በመጣበት ቀን ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ተገዝቶለት ቢተርፍ እንኳ እኛ የምንጠቀመው ፓል ነው፤ እሱ ኤንቲኤስሲ። ቀለሙ ይጠፋል፣ ምስሉም ወደ ላይ ይሮጣል። በዴክ ምርጫ ላይ ለሰው የሰጠሁት የመጀመሪያው ምክር «ሁለቱንም የሚያነብ እንደሆነ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አይተህ ግዛ» የሚል ነበር።

ታዲያ ዴክ ያለው ሰው ከቴሌቪዥን ለምን አልቀረጸም? ባዶ ካሴት ውድ ነበር፤ በዚያ ዋጋ ብዙ ፊልም ተከራይቶ ማየት ይቻላል። የ180 ደቂቃው ካሴት ሦስት ሰዓት ቢይዝም አባወራው ለልጁ ሠርግ ይቆጥበዋል እንጂ ለዜና አያባክነውም። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ዴኩን የገዛው ሊነግድበት ነው። ጣቢያው አንድ በመሆኑም አንዱን እያዩ ሌላውን መቅረጽ የሚባል ነገር ትርጉም አልነበረውም።

አንድ ቀን ግን ልዩ ነበር። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ውድድሩ በእኛ ሰዓት ቀትር ገደማ ስለነበር ብዙ ሰው ሥራ ላይ ነው። አንድ መምህር ደንበኛዬ ጠዋት ዴኩን ተሸክሞ መጣና «ዛሬ ኃይሌን እንዳያስቀርብኝ፣ እባክህ እየው» አለኝ። ሄዱን አጽድቼ፣ ከአንቴናው የሚገባውን ገመድ ፈትሼ ሰጠሁት። ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። መምህሩ ያችን ካሴት ለጎረቤት ለተማሪ ሲያሳይ ከርሞ የመጨረሻዋ ዙር ያለችበት ቦታ ላይ ክሩ ሳሳ፤ ምስሉ ላይ ነጭ ጭረት ወጣበት። ካሴት የሚያልቀው በጣም በተወደደው ቦታ ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከቴሌቪዥን ተቀርጾ በእጄ ካለፈው ሁሉ ውድ የምለው እሱን ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን በተለምዶ እንደ እድገት ይወራል። ለእኔ ግን በአንድ በኩል ወደ ኋላ መመለስ ነበር። ቪሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ገበያውን ሞላው፤ ዋጋው ወረደ፣ ምስሉ ጠራ፣ ሰው ዴኩን ቆጥ ላይ ሰቀለው። ማጫወቻው ግን የሚያውቀው ማጫወት ብቻ ነው። ቴሌቪዥን መቅረጽ አይችልም። አሜሪካ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ቲቮ የተባለው በሃርድ ዲስክ የሚቀርጽ መሣሪያ ሲወጣና ሰው የዓመቱን ድራማ በአንድ ጊዜ ትእዛዝ ሲያስቀርጽ፣ እኛ ዘንድ በቤት ውስጥ የነበረችው አንዷ መቅረጫ ከአገልግሎት ወጣች። ልጆቻችን ያደጉት በዚህ መካከል ነው። ቀይዋን ቁልፍ የማያውቋት ለዚህ ነው።

ከዚያ ዲሽ መጣ። መጀመሪያ ሆቴሎች ግቢ ውስጥ የሚቆሙት ትላልቆቹ፣ ከዚያም በየቆርቆሮው ላይ ባለ 90 ሳንቲ ሜትሮቹ። ከተማው ለዓረብሳት ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ለናይልሳት ደግሞ ወደ ምዕራብ ዞሮ ኖረ። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ከእኛ ጣሪያ ሲታይ ፀሐይ መጥለቂያ አካባቢ ነው። ኢቢኤስና በ2008 ዓ.ም. የጀመረው ቃና ሲመጡ የዲሽ ሠራተኛ እንቅልፍ አጣ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት ተባለና አገራዊ ጣቢያዎች ኤንኤስኤስ 12 በተባለው ሳተላይት ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። እሱ ያለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ምዕራብ ያይ የነበረው ሁሉ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ አዘንብሎ፣ ፊቱንም ወደ ላይ ቀና አድርጎ ዞረ። ያን ሰሞን ከአብማ ሰፈር እስከ መናኸሪያ መሰላል ያልቆመበት ግቢ አላየሁም። 11105፣ ሆሪዞንታል፣ 45000 የሚሉትን ቁጥሮች ሕፃኑ ሁሉ በቃሉ ያውቃቸው ነበር። አሮጌዎቹ ሪሲቨሮች አዲሶቹን ጣቢያዎች ስላልከፈቱ ብዙ ቤት ኤችዲ ሪሲቨር ገዛ። መቅረጫዋ ወደ ደብረ ማርቆስ ቤቶች ተመልሳ የገባችው ያኔ ነው፤ ማንም ሳይፈልጋት፣ ማንም ሳይከፍልባት፣ በሪሲቨሩ ሆድ ውስጥ ሆና።

ከዚያ በኋላ «የትኛውን ልግዛ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጣቢያ ብዛት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የቀረጸውን የት እንደሚያይ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ከአማኑኤል በኩል የመጡ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ሲመረቅ በቴሌቪዥን ይተላለፋል ተባለና ጎረቤት ያለ ወጣት በቤታቸው ሪሲቨር ቀረጸላቸው። እሳቸውም ፍላሹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ውጭ አገር ላለችው ሴት ልጃቸው ሊልኩት ወደ እኔ መጡ። ኮምፒውተር ላይ ብንሰካው አልከፈትም አለ። ያ ሪሲቨር የቀረጸውን በራሱ ቁልፍ ቆልፎ ስለሚያስቀምጥ ከእሱ በቀር የሚያነበው የለም። «ታዲያ ልጄ፣ ያየሁትን እንዴት የለም ትለኛለህ?» አሉኝ። «እማማ፣ አለ። ቤትዎ ባለው ሪሲቨር ብቻ ነው የሚታየው» አልኳቸው። በኋላ ሪሲቨሩን ራሱን አስመጥተን፣ ከቴሌቪዥን መውጫው በገመድ አድርገን ኮምፒውተር ላይ ቀዳነው። ሆነ፤ ግን ምስሉ እንደመጀመሪያው ጥሩ አልነበረም።

ስለዚህ ሻጩ ፊት አንድ ደቂቃ ያህል ቀርጸህ፣ ፍላሹን ነቅለህ በሌላ ሪሲቨር ወይም በላፕቶፕ ክፈተው። ከከፈተ ግዛ። ይህን የማያስሞክር ሱቅ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ሱፐርማክስም ይሁን ላይፍስታር፣ የአንድ ስም ዕቃ ከሞዴል ሞዴል ይለያያልና በስም ብቻ አትመን።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ቀረጻን እንዲተው አድርጓል። ሪሲቨር የፈረንጅ ሰዓትና ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው። የምሽት 2 ሰዓት ዜና እንዲቀረጽ የፈለገ ሰው 02:00 ብሎ ከሞላ፣ የሚያገኘው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያለውን ነው። መሙላት ያለበት 20:00 ነው። መጀመሪያ ሰዓቱ ግሪንዊች ሲደመር 3 ላይ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥር 11 ጥምቀት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ 20። ይህን በወረቀት ጽፌ ከሪሲቨሩ ጋር አስሬ እሰጣለሁ። አንዲት ደንበኛዬ ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ከሥዕለ ማርያም ጎን ለጥፋታለች።

ቴክኒኩ ላይ ብዙ አልቆይም። በተራው ጥራት የሚተላለፍ ጣቢያ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ይበላል፤ ኤችዲው ከዚያ በላይ። በፋት 32 የተሠራ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ደህናው ሪሲቨር ፋይሉን እየቆረጠ ይቀጥላል፤ ሌላው ዝም ብሎ ያቆማል። የገና ሌሊት ማሕሌትና ቅዳሴ ለመቅረጽ የሚያስብ ሰው ይህን ሳያይ መግዛት የለበትም፤ ከመካከሉ ተቆርጦ ያገኘዋል። ባለ አንድ ቲውነሩ ሪሲቨር እየቀረጸ ሌላ ጣቢያ የሚያሳየው ሁለቱ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ካሉ ብቻ ነው። በኢትዮሳት ላይ ብዙ ጣቢያ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ስለተጫነ ይህ ችግር እዚህ ያን ያህል አይከብድም።

ከሁሉም የሚከብደው መብራት ነው። ቀረጻው መሐል ላይ መብራት ሲሄድ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀርና አንዳንዴ አይከፈትም፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ በኃይል ይመጣና ፓወር ሰፕላዩን ያቃጥለዋል። ስታቢላይዘር ለፍሪጅ እየገዛን ለሪሲቨር የምንነፍገው ለምንድን ነው? በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የእኛ ዝናብና በረዶ ሲግናሉን እስኪያልፍ ድረስ ይውጠዋል፤ በዚያ ላይ መብረቅ አለ። ነጎድጓድ ሲጀምር ቀረጻውን ትተህ ከዲሹ የሚመጣውን የኤል ኤን ቢ ገመድ ንቀል።

አሁን ደግሞ ብዙ የማልናገረውን ነገር ልናገር። ፋብሪካዎች ዴክ መሥራት አቁመዋል፤ የመጨረሻው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው ያቆመው። አዲስ ሄድ የሚገኝበት ቦታ የለም፤ እኔ ከሞቱት ዴኮች እየነቀልኩ ለሚሠሩት አስቀምጣለሁ። በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ግን የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ካሴቶች አሉ፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ሲስቁ ሲናገሩ። በደጋ እርጥበት ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል፤ እንዲህ ያለውን ካሴት ዴክ ውስጥ ማስገባት ሄዱንም ካሴቱንም ያበላሻል። መጀመሪያ ክዳኑ ይከፈትና ይታያል፣ ይደርቃል፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ ዴኩ በቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ሦስት ሰዓት ያለው ካሴት ለመቅዳት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የሚያፋጥነው ነገር የለም።

ካሴት ያለው ሰው በጥቅምትና በኅዳር፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ያምጣልኝ። የሚተርፈውን እቀዳለሁ፤ በሁለት ፍላሽ እሰጣለሁ። አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ሌላ ቤት ለሚኖር ልጅ ወይም ወንድም።